አሥራ አራት ጊዜ የቆረጥኩት ስም

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ የሰረዝኩት በዚሁ ፍርሃት ነው። መምህሬን እያከበርኩ ነው ያደግሁት፤ አንቱታው እስካሁን ከአፌ አልወጣም። ነገር ግን መምህር ሙክታርን ባሰብኩ ቁጥር የሚያቅለሸልሸኝን ትቼ ሌላ ሌላውን ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

መሞታቸውን የሰማሁት በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጠዋት የተማሪዎች ካፌ በር ላይ ተሰልፌ ነበር። ለስኳር ሕመማቸው አዲስ አበባ ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ከሚለው መልእክት ሥር ተማሪው የሐዘን ቃሉን እየተከታተለ ይጽፋል። አንዱ «እንደ እሳቸው ያለ ጆሮ ጅግጅጋ ዳግም አታገኝም» ብሏል። እውነቱን ነው። እኔም «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አፌን የሎሚ ጣዕም ሞላውና ተራዬ ሳይደርስ ከሰልፉ ወጣሁ።

የሎሚው ነገር ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን ይጀምራል። እኔ በሙዚቃ ቴክኖሎጂና በትወና ጥበባት ትምህርት ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህር ሙክታር የድምፅ ቀረጻ መግቢያ ያስተምሩን ነበር። ስቱዲዮ የምንለው ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ የተለበደ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ ጫማ አስወለቁን። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጥቁር የጆሮ ማዳመጫቸውን በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን በክንዳቸው ይዘውት ነው የሚገቡት፤ ማንም አይነካውም። በዚያን ቀን አንድ በአንድ ማይክሮፎኑ ፊት አቁመው ስማችንንና የመጣንበትን ከተማ አስነገሩን። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ጥጥ በአልኮል አርሰው ማይክሮፎኑን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ቀጣዩን ይጠራሉ።

ሁላችንም ከተቀዳን በኋላ የተናገርነውን ቃል በሙሉ ቆርጠው ጣሉት። በቃላቱ መካከል የቀረውን ብቻ አያያዙና ድምፁን ከፍ አድርገው አሰሙን። ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ፣ ምራቅ ሲዋጥ፣ ከንፈር ሲከፈት፣ አፍንጫ ሲስብ። የሠላሳ ሰው አፍ አንድ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ከብት። አንዲት ልጅ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይህ ቆሻሻ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከሰው አፍ ከሚወጣው ግማሹ ቆሻሻ ነው። የእናንተ ሙያ ጽዳት ነው።»

ከቀረጻ በፊት ወተት እንዳንጠጣ፣ ሎሚ እንድንመጥ መከሩን። እኔ መምህር ያለኝን አንድም ሳላስቀር የማደርግ ልጅ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሴ እስኪጠርስ ሎሚ መጠጥኩ። ተጸያፊነታቸውንም ወረስኩ። ቅዳሜ ቤት ስሄድ አባቴ ሻይ ፉት ሲል ፊቴ ይጨማደድ ነበር። እናቴ አንድ ቀን አየችኝና «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አባትሽን ልትጸየፊ ነው?» አለችኝ። አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ሱቁ ወጣ። ያንን እንኳ ለመምህር ሙክታር ነገርኳቸው፤ ይደሰታሉ ብዬ ነው። ተደሰቱም። «ጆሮ እያወጣሽ ነው» አሉኝ።

ከወር በኋላ «መቀሴ» ይሉኝ ጀመር። ሌላው ተማሪ ከቅጂ ውስጥ አንድ ሳል ቆርጦ ለማውጣት አራት ጊዜ ሲሞክር እኔ በአንዴ አወጣለሁ። የስቱዲዮው ኮምፒውተር ማኅደር ጠባብ ስለነበረ ያጸዳነውን በጥሬው ቅጂ ላይ እንድንደርብ አዘውናል፤ አንዴ ከቆረጥን መመለሻ የለም ማለት ነው። ያ ደግሞ እጃችሁን ያሠለጥነዋል ይሉ ነበር።

ጆሯቸው ግን ጆሮ ነበር፤ ይህን ልነፍጋቸው አልችልም። ኮሪደር ላይ ቆመው የትኛው ክፍል ያለው ፋን ሊበላሽ እንደ ደረሰ ይናገራሉ፤ በሳምንቱ ይበላሻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ጫማችንን እንዳወለቅን ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የሶማልኛ ግጥም ያወርዱልናል። እኔ የማውቀው ሶማልኛ በአባቴ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ የለመድኩትን ነው፤ ግጥሙን ሁሉ አልይዘውም። ድምፃቸው ግን ሆድ ያባባል። ሁልጊዜም ከግጥሙ በፊት የገጣሚውን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ። ስለ ቀዘቀዘ ሻይ የተባለች ሁለት መስመር ቀልድ እንኳ ብትሆን ባለቤቷን ሳይጠሩ አይሏትም። አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ በቀጥታ ወደ ግጥሙ ቢገቡስ ብሎ ጠየቃቸው። ተቆጡ።

«ስም ሳይጠሩ ግጥም ማለት በሰው ግመል ላይ የራስን ምልክት መተኮስ ነው። ስሙ ከግጥሙ ቀድሞ ይሄዳል» አሉት።

ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አሁንም አለ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ትምህርት ክፍሉ ለባህል ቀን የሴቶች ቡራንቡር እንዲቀዳ ወሰነ። ቡራንቡር ሴቶች የሚገጥሙትና እያጨበጨቡ የሚያዜሙት ነው። የክፍላችን ልጅ ኢፍራህ የአባቷ እህት ከጅግጅጋ ወጣ ባለችው ሀርሺን እንዳሉ፣ ብዙ ቡራንቡር እንደሚያውቁ ተናገረች። በትምህርት ክፍሉ መኪና ሄድን፤ መምህር ሙክታር፣ ኢፍራህና እኔ።

ኢፍራህ «ኤዶ» ነው የምትላቸው፤ አክስቴ ማለት ነው። እኔም ኤዶ ሮዳ አልኳቸው። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናቸው። መጀመሪያ በጭስ የታጠነ የግመል ወተት ሰጡን። መምህር ሙክታር ኩባያውን ከንፈራቸው ላይ አስነክተው፣ ኤዶ ሮዳ ዘወር ሲሉ ለእኔ አቀበሉኝ። ሁለቱንም ኩባያ ጠጣሁ። አንዱን ለኤዶ ሮዳ ደስታ፣ አንዱን ለመምህሬ።

ኤዶ ሮዳ አሥራ አራት ቡራንቡር አሉ። አንዱም የእሳቸው አይደለም። ሁሉም የታላቅ እህታቸው የሂቦ ጉሌድ ናቸው። ሂቦ ልጅ ሳትወልድ ነው የሞተችው። መጥቶ ስላላረፈ ዝናብ፣ ስለ ደረቀ ጉድጓድ፣ ሁለተኛ ስላገባ ባል የገጠመቻቸውን ኤዶ ሮዳ በቃላቸው ይዘዋል። ኤዶ ሮዳ እያንዳንዱን ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ይህን ያለችው እህቴ ሂቦ ጉሌድ ናት» ይላሉ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ይያዛል፤ ምራቃቸውን ይውጡና ይቀጥላሉ። አሥራ አራት ጊዜ እንደዚያ ሆነ።

ሲጨርሱ መምህር ሙክታር ጥጡን አልኮል ነክረው ማይክሮፎኑን ጠረጉ። እዚያው፣ ኤዶ ሮዳ ፊት። ኤዶ ሮዳ የሚጠርጉበትን እጅ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ገመዱን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። ቀስ ብለው፣ እንዲገባኝ አድርገው ተናገሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስሟ ከፊት ይኑር። ስሟ ከሌለ የእኔ ይመስላል።»

«ሃ» አልኳቸው። አዎ ማለት ነው። መምህር ሙክታርም «ኢንሻአላህ» አሉ።

ጅግጅጋ ተመልሰን ማጽዳት ጀመርን። ፍየሎቹን አወጣሁ፤ የልጆቹን ሳቅ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሁሉ። በሦስተኛው ቀን መምህር ሙክታር ከጀርባዬ ቆመው አዳመጡና ፊት ፊት ያለውን ወሬ እንዳወጣ አዘዙኝ፤ ዜማው ከዜማ ይጀምር አሉ። ወሬ ያሉት ስሙን ነው። ኤዶ ሮዳ እኮ አደራ ብለዋል አልኳቸው። ስሟን በጽሑፍ እናሰፍረዋለን፣ አንቺ አትጨነቂ አሉኝ። አመንኳቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ለማመን ቸኩዬ ነበር፤ «መቀሴ» መባሉ እንዳይቀርብኝ።

ስክሪኑ ላይ የሰው ድምፅ እንደ ጉብታ ነው የሚታየው። ከእያንዳንዱ ቡራንቡር በፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ ነበረች። መጀመሪያ ላይ እያዳመጥኩ ቆረጥኩ። ከስምንተኛው በኋላ ማዳመጥም አላስፈለገኝም፤ በዓይኔ ለይቼ ቆረጥኳት። አሥራ አራቱንም በጥሬው ላይ ደረብኩ። «ጆሮሽን አላህ ይባርክ» አሉኝ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሁሉም በላይ አሁን የሚያስጠላኝ ያ ደስታ ነው።

በባህል ቀን አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፤ «ቡራንቡር። ባህላዊ፣ ደራሲው ያልታወቀ። ድምፅ፦ ሮዳ ጉሌድ። ቅንብር፦ መምህር ሙክታር።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ቅጂው የዚያኑ ዕለት ከስልክ ወደ ስልክ መሄድ ጀመረ። እኔ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ገባሁና ተቀመጥኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ኢፍራህ ቤተ መጻሕፍት መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ሀርሺን አንድ ሠርግ ላይ ሴቶቹ ቅጂውን በስልክ ከፍተው እየሰሙ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት «ሮዳ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ገጣሚ የሆንሽው? ሂቦ እስክትሞት ጠብቀሽ ነው?» አሏቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ኤዶ ሮዳ የሠርጉ ምግብ ሳይቀርብ ተነሥተው ሄዱ።

«አክስቴን ሌባ አደረግሻት» አለችኝ ኢፍራህ። «የሞተች እህቷን የምትሰርቅ ሌባ። ያውም በራሷ ድምፅ።»

ወዲያው ወደ መምህር ሙክታር ቢሮ ሄድኩ። ማዳመጫቸውን ከሽርጡ ፈትተው ጆሮውን እየጠረጉ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አልነበረም አሉ። ደግሞስ ሂቦን ከሀርሺን ውጪ ማን ያውቃታል አሉ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምህር መልሼ ተናገርኩ። ስም ከግጥም ቀድሞ ይሄዳል ያሉን እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«ሰምተሽዋል አይደል? ስሟን ስትጠራ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቋን ትውጣለች። አሥራ አራት ጊዜ። እንዴት አድርጌ ነው እሱን ለሰው የማሰማው?» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺም ሰምተሽ ነው የቆረጥሽው። ጆሮሽ ተጸይፎታል።»

ከቢሮአቸው ወጣሁ። ያሉት እውነት ነበር። ያ የተያዘ ድምፅ፣ ያ መዋጥ፣ በማዳመጫ ስሰማው ሰውነቴን ሰቅጥጦኝ ነበር። የሰው ሐዘን እንደ ንፍጥ አስጠላኝ ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጎበዝ ተማሪያቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ከኢፍራህ ጋር በሕዝብ መኪና ሀርሺን ወረድን። በመንገዱ ሁሉ አላናገረችኝም። ኤዶ ሮዳ በሩ ላይ ተቀበሉን፤ እንግዳ ነኝና ወተት ሰጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ኩባያውን ወስደው፣ እያየሁ በአመድ አሹት። አጠቡት። መልሰው በአመድ አሹት። ኢፍራህ ፊቷን አዞረች።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ትንሿን መቅረጫ ይዤ መጥቻለሁ፣ ስሙን ብቻ እንደገና ይበሉልኝና ፊት ላይ እቀጥለዋለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ በንጹሕ አፌ ሰጠኋችሁ። ሰውየው አፌን እንደ ቁስል ጠረገ። ሁለተኛ እዚያ ነገር ላይ አፌን አላደርግም» አሉ።

አላስጨነቅኳቸውም። መቅረጫውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀመረ። መምህር ሙክታርን በሰላምታ ብቻ አልፋቸው ነበር። እሳቸው «መቀሴ» ይሉኛል፤ እኔ «አቤት መምህር» እላለሁ። ከዚያ ታመው ሄዱ፤ ከዚያ ያ መልእክት መጣ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠሩኝ። ለመታሰቢያ ዝግጅት የመምህሩን ድምፅ አምስት ደቂቃ ያህል እንዳዘጋጅ ነው። «አንቺ የእጃቸው ልጅ ነበርሽ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እስካሁንም እምቢ ማለት አልለመደብኝም። መምህር ሙክታር ለልምምድ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ በባትሪ በምትሠራው ትንሽ መቅረጫ ያስቀርጹን ስለነበር ድምፃቸው ሞልቷል። የሌላኛውን የአንደኛ ዓመት ሴክሽን ተማሪዎች ቅጂ ስሰማ አንዱ ላይ መብራት ይጠፋል። ፋኑ ሲቆም ይሰማል። ተማሪዎቹ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጡ ይሰማል። መምህር ሙክታር ያስላሉ፣ ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ ከዚያ በሶማልኛ ይጀምራሉ።

«ይህን ያለችው ሂቦ ጉሌድ ናት፤ የሀርሺን ልጅ።»

የዝናቡን ቡራንቡር አሉት። ቀኑን አየሁ። እኔ ስሙን እየቆረጥኩ የነበርኩበት ሳምንት ነው። ጠዋት እኔን አስቆርጠው ከሰዓት ለልጆች ስሟን ይጠራሉ። መብራት ጠፍቶ፣ ለሕዝብ የሚወጣ ነገር በሌለበት፣ እሳቸውም ሌባ መሆን አልፈለጉም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አንሥቼ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ።

ስመለስ ያንን የቅጂውን ክፍል ከነሳሉ፣ ከነመዋጡ ወስጄ አምስቱ ደቂቃ መጀመሪያ ላይ አደረግሁት። አልጠረግሁትም። በመታሰቢያው ቀን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማ። ከፊት የተቀመጡት አንገታቸውን ደፍተው «ኧረ ወየው» ይላሉ። ኢፍራህ ብቻ ቀና ብላ ዞራ ፈለገችኝ። ስልኳን አውጥታ ቀዳችው፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ከኤዶ ሮዳ የመጣውን የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። ፍየሎች ይጮኻሉ። ከዚያ «ያውቅ ነበር ማለት ነው» ይላሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «የእሱን አፍ እንግዲህ አላህ ይጠይቀው። የቆረጠችው ልጅ ግን በሕይወት አለች። ስሙን የቆረጠ እሱ ራሱ ስሙን ይጥራ።»

ኢፍራህ ስልኩን ዘጋችው። «ገብቶሻል?» አለችኝ። ገብቶኛል።

በማግስቱ ሎሚ ሳልመጥ፣ ቁርሴን በወተት ሻይ በልቼ ስቱዲዮ ገባሁ። ማሽኑ ላይ ኢፍራህ ተቀመጠች። በሱቅ ሶማልኛዬ ለእያንዳንዱ ቡራንቡር አንድ ጊዜ «ይህን ያለችው ሂቦ ጉሌድ ናት፤ ያቆየችው እህቷ ሮዳ ናት» ማለት ነበረብኝ። ሰባተኛው ላይ ምላሴ ተሳሰረ።

«አክስቴን ነው የምትጠሪው፤ ረጋ በይ» አለችኝ ኢፍራህ በማዳመጫው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምራቅሽ ይሰማል፤ ላውጣው?» አለች።

«ተይው።»

አሥራ አራቱን ጨረስኩ። ኢፍራህ አንድ በአንድ በየቡራንቡሩ መጀመሪያ ላይ ቀጠለቻቸውና ለአክስቷ፣ በሠርጉ ላይ ላሾፉት አሮጊት ልጅ፣ ቅጂው ላላቸው ሁሉ መላክ ጀመረች። እኔ መልሼ ስሰማው ድምፄ አስጠላኝ፤ ጆሮዬ የተማረውን አልረሳም። ለመውጣት ስነሣም እጄ ሳላስበው ወደ አልኮሉ ጠርሙስ ሄዷል። የነቃሁት ጥጡን አርሼ ማይክሮፎኑ አጠገብ ካደረስኩት በኋላ ነው። ኢፍራህ ከመስታወቱ ማዶ ታየኛለች።

ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ጣቶቼ ግን ሁለት ጊዜ ብታጠብም እስከ ምሳ ድረስ አልኮል አልኮል ሸተቱኝ።